የጀርመን ሳንጃና የምሽግ ጩቤ እንዴት ይለያል

ሳንጃ እጃችሁ ሲገባ ከአፎቱ አውጡና የስለቱን ጀርባ ወደ መስኮት አዙሩት። ከእጅ መከታው አጠገብ፣ ሁለት ጣት በማይሞላ ቦታ ላይ፣ ዘውድ፣ ከዘውዱ ሥር የላቲን ፊደል፣ ከፊደሉ ሥር ደግሞ ሁለት አሃዝ ካያችሁ፣ የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ ሠራዊት ፈትሾ የተረከበውን መሣሪያ ይዛችኋል። ቦታው ባዶ ከሆነ፣ ይልቁንም በመሞረጃ የተፋቀ ከመሰለ፣ ስለ ዋጋ ለመነጋገር አትቸኩሉ። ሻጩ የሚያወራው ታሪክ ሁሉ ከዚህች ጥቂት ሚሊሜትር ብረት በኋላ የሚመጣ ነው።

ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ሥር» የምለው ስለቱ ከመከታው ጋር የሚገናኝበትን ያልተሳለ ክፍል ነው። «መከታ» እጅን ከስለቱ የሚለየው አግዳሚ ብረት ሲሆን፣ «ራስ» ደግሞ ጠመንጃው ላይ የሚገጥመው ጎድጓዳ ያለበት የእጀታው የኋላ ጫፍ ነው። በስለቱ ጎን ርዝመቱን ተከትሎ የሚሄደውን ሸለቆ «ቦይ» እለዋለሁ። እንደ 98፣ 71/84 ወይም 98/05 ያሉት ቁጥሮች የሞዴል መጠሪያ ናቸው።

ለምርመራ ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። 60 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ወይም ሜትር፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ፣ ካሊፐር፣ ትንሽ ማግኔትና የእጅ ባትሪ ይበቃል። ባትሪውን ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ በደረሰ ማዕዘን አብሩት። ከፊት ለፊት የበራ ብርሃን የተፋቀ ምልክትን ይደብቃል፤ ከጎን የበራው ግን የጠፋ የመሰለውን ፊደል ጥላ ያወጣል።

ርዝመቱ ምን ይላል

ስለቱን ከመከታው እስከ ጫፉ ለኩ። በአፎቱ ርዝመት አትፍረዱ፤ አፎት በመቶ ዓመት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ሊለዋወጥ ይችላል።

47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነና እጀታው ናስ ከሆነ የ1871 ሳንጃ ነው፤ በመከታው ላይ የአፈሙዝ ቀለበት ይኖረዋል። 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ቀጭን፣ ጀርባው እንደ ዘንግ ድብልብል ያለ ስለት የ98 ሳንጃ ነው። 37 ገደማ ሆኖ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄደው 98/05 ይባላል። 15 ገደማ ከሆነ የምሽግ ጩቤ ነው፣ ወይም እንደዚያ እንዲመስል የተቆረጠ ሌላ ነገር ነው።

ራስ ምታቱ ያለው 25 ላይ ነው። የ71/84፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት 84/98፣ የሁለተኛው ጦርነት 84/98፣ አጭሩ 98 እና ወታደሮች በገዛ ገንዘባቸው ይገዙት የነበረው የሰልፍ ሳንጃ ሁሉም እዚህ ርዝመት ላይ ይገናኛሉ። መጀመሪያ መከታውን ተመልከቱ። ሙሉ የአፈሙዝ ቀለበት ካለው ወደ 71/84 ያዘነብላል። ቀለበት ከሌለው የሚገጥመው ለ98 ማውዘርና ከእሱ ለመጡት ነው፤ የዚያ ጠመንጃ የሳንጃ መያዣ ዘንግ ረጅም ስለሆነ ሳንጃው አፈሙዙን ሳያቅፍ ጸንቶ ይቆማል፣ ስለዚህ ቀለበቱ አላስፈለገም። ይሁን እንጂ በአንደኛው ጦርነት ጊዜ ብዙ የ71/84 ሳንጃዎች ቀለበታቸው ተቆርጦ ለ98 እንዲገጥሙ ተደርጓል። የተቆረጠበት ቦታ በመከታው አናት ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፤ ይህ የዘመኑ የመንግሥት ሥራ ነውና ጉድለት ብላችሁ አትጣሉት።

ከዚያ ቀለሙን ተመልከቱ። የአንደኛው ጦርነት ስለት የተወለወለ ነጭ ብረት ሲሆን፣ የሁለተኛው ጦርነት ስለት ሰማያዊ ያዘለ ጥቁር ነው። የሁለተኛው ጦርነት ምልክት ይዞ ስለቱ እንደ መስታወት የሚያበራ ከሆነ፣ በኋላ ሌላ አገር ሠራዊት አድሶታል ወይም አንድ ሰው በጋለ ስሜት ወልውሎታል።

ዘውዱና ፊደሉ

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀርመን የራሳቸው ነገሥታት የነበሯቸው ግዛቶች ኅብረት ነበረች፤ ሳንጃው ላይ ያለው ፊደልም የንጉሡ ስም መጀመሪያ ነው። «ደብልዩ» ቪልሄልም ነው። የሚያሳስተው ግን ፕሩሺያም ቩርተምበርግም ቪልሄልም የሚባሉ ነገሥታት ስለነበሯቸው ነው። ቩርተምበርግ የምትለየው በፍተሻ ማኅተሟ ውስጥ በምታስገባው የአጋዘን ቀንድ ነው። «ኤል» ባቫሪያን ያመለክታል፤ ከ1913 በኋላ ከሆነ ሉድቪግ ሦስተኛ ነው። ከ1886 እስከ 1913 ያለው የባቫሪያ ፊደል «ኦ» ነው፣ ለኦቶ። «ኤፍ ኤ» የሳክሶኒው ፍሪድሪክ ኦጉስት ሲሆን ከ1904 እስከ 1918 ይሄዳል። ቀደም ብሎ፣ እስከ 1902 የነገሠው አልበርት «ኤ አር» ብሎ ይታተማል። ሳክሶኒና ባቫሪያ ከፕሩሺያ ያነሰ ስላመረቱ ሰብሳቢዎች ይፈልጓቸዋል፤ አስመሳዮችም ፊደል መቀየር የሚሞክሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከፊደሉ ሥር ያለው ሁለት አሃዝ ሠራዊቱ መሣሪያውን የተረከበበት ዓመት ነው፤ 15 ማለት 1915። ከዚህ በተጨማሪ በመከታው፣ በራሱና በጀርባው ላይ ዘውድ የደፉ ትንንሽ የጎቲክ ፊደላት ታያላችሁ። እነዚህ የፍተሻ ሠራተኞች ማኅተሞች ናቸው። በእያንዳንዱ ዋና ክፍል ላይ መኖራቸው ክፍሎቹ ኋላ ከየቦታው ተለቃቅመው እንዳልተገጣጠሙ ጥሩ ማስረጃ ነው።

መከታው ላይ በነጥብ የተለያዩ ቁጥሮች ካሉ የክፍል ምልክት ነው። ለምሳሌ በ1871 ሳንጃ ላይ «85.አር.6.112» ካያችሁ 85ኛ እግረኛ ሬጅመንት፣ 6ኛ ሻምበል፣ 112ኛ መሣሪያ ማለት ነው። በአፎቱ አፍ ላይ ያው ቁጥር ካለ ሁለቱ ከአንድ ወታደር ወገብ ሳይለያዩ መጥተዋልና ዋጋቸው በግልጽ ይለያል። ቁጥሩ ተሰርዞ ሌላ ከተመታ አትደንግጡ። ዕቃ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወር የድሮውን በአንድ መስመር መሰረዝ የተለመደ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ የተፋቀው ነው የሚያጠራጥረው።

98/05 እና መጋዙ

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘውም፣ ብዙ ስህተት የሚፈጸምበትም ይኸው ነው። ስለቱ በመከታው በኩል 24 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰፍቶ ወደ ጫፉ 28 ገደማ ይደርሳል። ቅርጹ የሉካንዳ ቢላዋ ስለሚመስል በጦርነቱ ጊዜ ጠላቶቹም በዚያው ስም ነበር የሚጠሩት። መስፋቱ ለመውጋት ሳይሆን እንጨት ለመቁረጥ፣ ቅርንጫፍ ለመመንጠር ነው።

ሁለት ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ላይ ከመከታው አናት ጆሮ የሚመስሉ ሁለት ጉብታዎች ይወጣሉ፤ የቀለበት ቅሪት መሆናቸው ነው። በኋላ ይህ ቀርቷል። ሁለተኛው በእጀታው ጀርባ ላይ፣ በእንጨቱ አናት የተዘረጋ ቀጭን የብረት ቆርቆሮ ነው። ይህ ከ1915 ገደማ ጀምሮ የመጣ የእሳት መከላከያ ነው፤ በአጭሩ ካራቢን ላይ ሳንጃ ተገጥሞ ሲተኮስ የአፈሙዙ ነበልባል የእጀታውን እንጨት ያከስለው ነበር። ስለዚህ ጀርባው ላይ 1913 የሚል ሳንጃ ቆርቆሮ ካለው በኋላ ተጨምሮለታል ማለት ነው፤ በፋብሪካና በሠራዊቱ አውደ ጥናት በሰፊው የተደረገ ነገር ስለሆነ ዋጋ አይጥልም። የ1917 ማኅተም ይዞ ቆርቆሮ የሌለው ከሆነ ግን ብሎኖቹን ፈትሹ፤ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

የሠራው ፋብሪካ በስለቱ ሥር ላይ ተጽፎ ይገኛል። የመንግሥቱ ኤርፉርት በዘውድ፣ ዚምሰን ከዙል፣ ማውዘር ከኦበርንዶርፍ፣ ፊሽቴል ኡንድ ዛክስ ከሽቫይንፉርት፤ በስለት ሥራ ከታወቀችው ከሶሊንገን ከተማ ደግሞ አሌክሳንደር ኮፔል፣ ካርል አይክሆርን፣ ጎትሊብ ሃመስፋር፣ ቫየርስበርግ ኪርሽባውም፣ መንታ ምልክት ያለው ሄንከልስና ሌሎችም። ብስክሌት መዘውር ሲሠራ የኖረ ድርጅት እንኳ ሳንጃ መሥራቱ ጦርነቱ ምን ያህል ብረት ይበላ እንደነበር ያሳያል።

አሁን ወደ መጋዙ። ከ98/05 ሳንጃዎች ጥቂቶቹ በጀርባቸው ሁለት ረድፍ ጥርስ ነበራቸው። የተሠሩት ለእንጨት መቁረጫ ቢሆንም በሌላው ወገን ዘንድ የአውሬነት ማስረጃ ተደርገው ተወሩ፤ በ1917 ጥርሳቸው እንዲሞረድ ትእዛዝ ወጣ። ስለዚህ ዛሬ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ፤ ጥርስ ያልነበረው፣ ጥርሱ ያለውና ጥርሱ የተሞረደው። ጥርስ ያለው በጣም ተፈላጊ ስለሆነ ተራው ሳንጃ ላይ ጥርስ የሚያወጡ አሉ። እውነተኛው ላይ ጥርሶቹ በሁለት ረድፍ ትይዩ ሆነው የተቆረጡ፣ ጥልቀታቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል የሆነ ነው፤ የጥርሱ ውስጠኛ ግድግዳም እንደ ስለቱ ሁሉ በዘመን ጠቁሯል። በእጅ ሞረድ የወጣ ጥርስ አንዱ ከሌላው ጥልቀቱ ይለያያል፤ ከታች ያለው ብረት ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ወይም በኬሚካል የጠቆረ ስለሆነ ቀለሙ ወጥና ሙት ነው። የተሞረደውን ደግሞ በጀርባው ትለዩታላችሁ፤ ከመከታው ጥቂት ራቅ ብሎ ጀርባው ዝቅ የሚልበት ደረጃ አለ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ክፍልም ያነሰ ነው። የተሞረደውን «የተበላሸ» ብሎ በርካሽ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ሳትከራከሩ ግዙ። በ1917 የወጣው ትእዛዝ የተፈጸመበት ዕቃ ነው፤ በእኔ ዓይን ጥርስ ካለው ይልቅ ታሪኩ የተሟላ ነው።

በ1914 እና 1915 ጠመንጃ ከሳንጃ ሲበልጥ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከብረት የተሠሩ ተተኪ ሳንጃዎች መጡ። እጀታቸው ቆርቆሮ ወይም ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት፣ ቀለማቸው የጦር ሜዳ ግራጫ ነው። ቀለበታቸው ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ ከ98 ሌላ የድሮውን 88 ጠመንጃና የተማረኩትን ጭምር እንዲገጥም። ድጋሚ የተቀባውን ለመለየት ማኅተሙን በሌንስ እዩ። አሮጌው ቀለም ከማኅተሙ ጠርዝ ላይ ተልጦ ውስጡ ይቀራል፤ አዲሱ ቀለም ግን በማኅተሙ ውስጥ እንደ ሽሮ ረግቶ ፊደሉን ያደበዝዛል።

የሁለተኛው ጦርነት ሳንጃ

ለካር 98 ኬ ጠመንጃ የተሠራው 84/98 ከ1934 እስከ 1945 በብዙ ፋብሪካ ተመረተ። ስለቱ 25፣ ጠቅላላው 38 ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እጀታው መጀመሪያ እንጨት ነበር፤ ከ1937 ገደማ ጀምሮ ቡናማ ወይም ጥቁር ባክላይት (የድሮ ጠንካራ ፕላስቲክ) ሆነ፤ በጦርነቱ ማብቂያ ላይ እንጨት እንደገና ይታያል፣ በአንዳንዱም ላይ ብሎኑ በሪቬት ተተካ። ባክላይቱን ለመፈተን የተስተካከለ ሥፍራ ላይ በአውራ ጣት እስኪሞቅ አሹትና አሽትቱ። የድሮ የሆስፒታል መድኃኒት የሚመስል የፌኖል ሽታ ይወጣል። የጋለ መርፌ አትውጉበት። ባክላይት ባይቀልጥም ጠባሳው ለዘላለም ይኖራል፤ ፈተናውንም እቃውንም ታበላሻላችሁ።

ሠሪውን የሚናገረው የስለቱ ሥር ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ኤስ» ከሚል ፊደል ጋር የፋብሪካ ቁጥር ይመታ ነበር፤ ከዚያ ሙሉ ስም መጣ፣ በመጨረሻም ከ1940 ወዲህ ሦስት ትንንሽ የላቲን ፊደላት። ጥቂቶቹን በቃል መያዝ ይጠቅማል፦ «ሲ ኦ ኤፍ» አይክሆርን፣ «ኤፍ ኤን ጄ» አሌክሳንደር ኮፔል፣ «ሲ አር ኤስ» ፓውል ቫየርስበርግ፣ «ሲ ቪ ኤል» ቫየርስበርግ ኪርሽባውም፣ «ሲ ዩ ኤል» ኤርንስት ፓክ፣ «ኤ ኤስ ደብልዩ» ሄርስተር፣ «ኤ ጂ ቪ» ቤርግ። በ1934 እና 1935 የተሠሩት ላይ ዓመቱ በቁጥር አይጻፍም፤ «ኬ» 1934፣ «ጂ» 1935 ማለት ነው። በኋላኛው ዘመን ሁለት አሃዝ ከኮዱ አጠገብ ይሆናል፣ ለምሳሌ 43።

በሌላው የሥሩ ገጽ ላይ እስከ አራት አሃዝ የሚደርስ ተከታታይ ቁጥር፣ ከቁጥሩ በታችም ብዙ ጊዜ አንድ ትንሽ ፊደል አለ። አፎቱ ላይ ያው ቁጥርና ያው ፊደል መኖር አለበት። «ቁጥሩ ይገጥማል» ሲባል ፊደሉ ሳይገጥም ቢቀር አልገጠመም ማለት ነው፤ ሻጮች በፎቶ ላይ ፊደሏን በጣት የሚሸፍኑበት ጊዜ አለ። ከዚያ በንስር የታጀበ ትንሽ የፍተሻ ቁጥር በስለቱ ጀርባ፣ በራሱና በአፎቱ ጫፍ ላይ ፈልጉ። ለሠራዊቱ ከተሰጠ ይኖራል።

የሰልፍ ሳንጃ

ይህን በጦር ሜዳ ሳንጃ ዋጋ የሚገዙ ብዙዎች ናቸው። ወታደሮች ለፈቃድና ለፎቶ ከሱቅ ይገዙት የነበረ፣ በኒኬል የተለበጠ፣ ጠመንጃ ላይ የማይገጥም ዕቃ ነው። ራሱ ላይ ያለው ጎድጓዳ ጠባብ ወይም ውስጡ የተዘጋ ነው፤ በእውነተኛ ማውዘር ላይ ለመግጠም ብትሞክሩ አይገባም። ስለቱ 20 ወይም 25 ነው፤ የመንግሥት ፍተሻ ማኅተም የለውም፣ ይልቁንም የፋብሪካው ሥዕል አለው፦ የአይክሆርን ሽኮኮ፣ የቫየርስበርግ ኪርሽባውም ንጉሥና ባላባት ራሶች፣ የፍሪድሪክ ቪልሄልም ሆለር ቴርሞሜትር፣ የኮፔል ሚዛን፣ የሮበርት ክላስ ሁለት ሽመላዎች። በራሱ ጥሩ መሰብሰቢያ ነው፤ በተለይ የአገልግሎት ማስታወሻ ጽሑፍ በስለቱ ላይ በአሲድ የተቀረጸበት። ነገር ግን ዛሬ የሚቀረጽ አለ። የድሮው ጽሑፍ ከኒኬሉ ጋር አብሮ የተላጠና የተቧጨረ ነው፤ ኒኬሉ ተልጦ ጽሑፉ ብቻ ጥርት ብሎ ከቆመ ጽሑፉ ከኋላ መጥቷል።

የምሽግ ጩቤ

እዚህ ጥንቃቄው በእጥፍ ይጨምራል። ሳንጃ ደንብና ማኅተም ስላለው ራሱን ያስረዳል፤ የምሽግ ጩቤ ግን ብዙውን ጊዜ ሰነድ የለውም። በአንደኛው ጦርነት ምሽጉ ጠባብ ስለነበር ረጅሙ ሳንጃ አልተመቸም፤ ወታደሮች የአደን ቢላዋ ይዘው መጡ፣ ሶሊንገንም ለግል ገዢና ለሠራዊቱ አጫጭር ጩቤዎችን ማውጣት ጀመረች። ዓይነተኛው የጀርመን ጩቤ ስለቱ 14 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ጎን የተሳለ፣ እጀታው ሰያፍ ጭረቶች የወጡበት እንጨት ሲሆን ብዙ ጊዜ ጭረቶቹ ዘጠኝ ናቸው። አፎቱ ቀለም የተቀባ ብረት፣ ከላይ ቀበቶ የሚያልፍበት የቆዳ ማንጠልጠያ በሪቬት የተያዘበት ነው። ኤርን፣ ሃመስፋር፣ ዱይስበርግ ያለው ዴማግ፣ ኤርንስት ቡሽ የሚሉ ስሞችን ታገኛላችሁ። ዴማግ ጠመንጃ ላይ የሚገጠም ሙሉ ብረት ጩቤም ሠርቷል፤ እሱ ከተራው ጩቤ በጣም ውድ ስለሆነ ቅጂውም ብዙ ነው።

የዘውድና የፊደል ማኅተም በስለቱ ሥር ወይም በመከታው ላይ ካለ ሠራዊቱ ተረክቦታል። ከሌለ ግን ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም፤ በግል የተገዛው ማኅተም አልነበረውም። እንዲያውም በየቦታው ማኅተም የተደረደረበት የአስመሳዩ ጩቤ ነው።

ከሳንጃ የተቆረጠ ጩቤ የራሱ ጉዳይ ነው። ወታደሮችም የሠራዊቱ አውደ ጥናቶችም የተሰበሩና ያረጁ ሳንጃዎችን ቆርጠው ጩቤ አድርገዋል፤ ዛሬም ጋራዥ ውስጥ ይቆረጣል። ለመለየት ቦዩን ተከተሉ። ጩቤ ሆኖ ከተወለደ ቦዩ ከጫፉ በፊት ጠብቦ ያልቃል፤ የተቆረጠ ከሆነ ቦዩ እስከ አዲሱ ጫፍ ድረስ ሄዶ በድንገት ይቆማል። ይህ መቆረጡን ይናገራል፣ መቼ እንደተቆረጠ ግን አይናገርም። ለዚያ አዲሱን ጫፍ ከቀሪው ስለት ጋር አወዳድሩ። በጫፉ ላይ ያለው ዝገትና ጥቁረት ከሥሩ ጋር እኩል ዕድሜ ካለው፣ አፎቱም በዘመኑ በችሎታ አጥሮ ጫፉ በብየዳ ወይም በሪቬት ከተዘጋ የዘመኑ ነው። ጫፉ ላይ ከመፍጨት የወጣ ሰማያዊ የሙቀት ቀለም ካያችሁ ተዉት።

የኦስትሪያና ሃንጋሪ የ1917 የምሽግ ቢላዋ ዘወትር በጀርመን ስም ይሸጣል። ስለቱ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከጀርመኑ በግልጽ ይረዝማል፤ እጀታው ለስላሳ እንጨት ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ስሙ ብቻ ይስተካከል።

ከሁለተኛው ጦርነት የሚፈለገው የአየር ኃይሉ ቢላዋ ነው። እንጨቱ በሦስት ሪቬት የተያዘ፣ አፎቱ ጫማ ወይም ቀበቶ ላይ የሚነክስ የብረት ስፕሪንግ ያለው። በስለቱ ሥር ንስርና ቁጥር ይኖረዋል። ስፕሪንጉን ፈትሹ። የድሮው ከአፎቱ ጋር ተጣጥሞ የጠቆረ ነው፤ አዲስ የተበየደ ከሆነ በዙሪያው የቀለም ቀለበት አለ።

ሶሊንገን ማለት የጀርመን ሠራዊት ማለት አይደለም

ሶሊንገን ለዓለም ሁሉ ትሸጥ ነበር። ቫየርስበርግ ኪርሽባውም የሠራው የ1891 የአርጀንቲና ሳንጃ የጀርመን ፋብሪካ ስም አለው፣ ስለቱ ግን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ የአርጀንቲና ጽሑፍ አለበት። ቱርክ የጀርመን ሳንጃዎችን ተቀብላ አሳጥራለች፤ «ኤ ኤስ ኤፍ ኤ» የሚል ማኅተም የቱርክ ወታደራዊ ፋብሪካ ነው። ስለቱ ወደ ላይ የዞረ፣ ማለትም ጠመንጃ ላይ ሲገጠም የተሳለው ጎን ወደ ሰማይ የሚመለከት ከሆነ የቼኮዝሎቫኪያ 24 ነው። ጀርመኖች ከያዙት በኋላ ቀለበቱን ቆርጠው የተጠቀሙበት አለና ማኅተሙን ካላነበባችሁ አትጣሉት።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ ከአያት የተረፈ «የጀርመን ሳንጃ» ተብሎ የሚታየው አብዛኛው የወጅግራ ወይም የጣሊያን ነው። የወጅግራ ሳንጃ ስለቱ 52 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ98 ጋር ይምታታል። ነገር ግን ስለቱ ከጫፉ በኩል ሲታይ የ«ቲ» ቅርጽ አለው፣ ራሱ ናስ ነው፣ ጀርባው ላይ የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም፣ ወርና ዓመት በተያያዘ ጽሑፍ ተቀርጿል። የጣሊያኑ የ1891 ሳንጃ ስለቱ 30 ገደማ ነው፣ ቀለበትም አለው። እውነተኛ ጀርመናዊ ማውዘር ግን በኢትዮጵያ የማይጠበቅ አይደለም። በ1935 ጀርመን ወደ 10,000 ማውዘር በምስጢር ለኢትዮጵያ ልካለችና፣ በዚያ ጊዜ የመጣ ሳንጃ ቤት ውስጥ ቢገኝ አያስገርምም። በእስራኤል ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ፤ የ1948 ሠራዊት ካር 98 ኬ ይዞ ስለነበር በኋላ ቀለበት ተጨምሮባቸው የዕብራይስጥ ምልክት የተመታባቸው ሳንጃዎች አሉ። ጀርመን ሱቅ ወይም ጨረታ ላይ ከገዛችሁ፣ በናዚ ዘመን ዕቃዎች ላይ ያለው ምልክት በማስታወቂያ ፎቶ ላይ ተሸፍኖ ቢታይ ሻጩ የሚደብቀው ነገር ስላለ አይደለም፤ ምልክቱን በአደባባይ ማሳየት በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ነው። ያልተሸፈነ ፎቶ በግል ጠይቁ። ከአገር አገር ስታዛውሩ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ፈጽሞ አትያዙ፤ የምትገቡበት አገር ጉምሩክ ስለ ስለት ምን እንደሚል አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ማኅተም ሲታይ

ሐሰተኛ ማኅተምን የምታዩበት ቀላሉ ሕግ ይህ ነው፤ ዝገት ማኅተምን ይበላል፣ ማኅተም ግን ዝገትን አይበላም። በሌንስ ስታዩ የዝገት ጉድጓድ የፊደሉን ጠርዝ ቆርጦ ካለፈ ማኅተሙ ከዝገቱ ይቀድማል። ፊደሉ በጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ከተመታ አዲስ ነው። በተመታ ፊደል ዙሪያ ብረት ትንሽ ከፍ ይላል፤ የድሮው ላይ ይህ ከፍታ ስለቱ ሲወለወል ጠፍቷል፣ አዲሱ ላይ በጣት ጥፍር ይሰማል። በሌዘር የተቀረጸ ከሆነ ደግሞ የፊደሉ ወለል ጠፍጣፋና ነጠብጣብ ያለበት ነው።

ማጽዳት

የምትሠሩት ዋናው ሥራ አለመሥራት ነው። አሸዋ ወረቀት፣ የሚሽከረከር ብሩሽ፣ አሲድና ኮካኮላ አይነኩትም። ቀይ ዝገት ካለ፣ ቀጭን ማሽን ዘይት ቀቡና ለአንድ ቀን ተዉት፤ በማግሥቱ በጣም ቀጭን በሆነው አራት ዜሮ የብረት ሱፍ፣ ዘይት እየጨመራችሁ፣ በስለቱ ርዝመት ብቻ ቀስ ብላችሁ አሹ። ጥቁሩ ዝገት ይቆይ፤ ያ ጠባቂው ነው። አፎቱ በአሮጌ ቅባት ከደረቀ ላምባ አፍሱበት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ አፉን ወደታች ዘቅዝቃችሁ አድርቁ። ስለቱን አስገድዳችሁ አታስገቡ። አፎቱ ውስጥ ያሉት ሁለት ስፕሪንጎች ከተሰበሩ ሳንጃው መንቀጫቀጭ ይጀምራል።

እንጨቱ ደርቆ ከሆነ ጥሬ የተልባ ዘይት በጨርቅ ጠብታ ብቻ፤ 15 ደቂቃ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላልና ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። እጀታውን አትፍቱ። መፍታት ግድ ከሆነ ለብሎኑ ልክ የሆነ ጠመንጃ መፍቻ፣ ለሌላኛው ጎን ደግሞ ሁለት ጥርስ ያለው መፍቻ ያስፈልጋል፤ የተራ መፍቻ ያንሸራትትና የብሎኑን አናት ያበላሻል። የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህን አናት ነው፤ ከተቧጨረ ክፍሎቹ ተለዋውጠዋል ብሎ ይጠረጥራል፣ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው።

በመጨረሻ በሙዚየም ሰም ስስ ሽፋን ቀቡና በጥጥ ጨርቅ አብሩት። ስለቱን በቆዳ አፎት ውስጥ አታስቀምጡ፤ ቆዳው እርጥበት ይስባል፣ ከተለፋበት ጊዜ የቀረው አሲድም ብረቱን ይነድላል፣ ናሱንም አረንጓዴ ያደርጋል። ስለቱንና አፎቱን ለየብቻ አስቀምጡ፤ ሁለቱንም በአንድ ቁጥር በእርሳስ በወረቀት ጽፋችሁ እሰሩባቸው፣ ወረቀቱም የማኅተሞቹን ዝርዝርና የተገዛበትን ቀን ይያዝ።